አሮጌ ላፕቶፕን በኤስኤስዲ ማፍጠን፦ ዲስክ ከመምረጥ እስከ መግጠም

ስድስት ሰባት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። ከዚያ ፎርማት ይደረጋል። ለሁለት ሳምንት ደህና ይሆንና ተመልሶ እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቫይረስም የዊንዶውስም አይደለም። ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ነው። የዛሬ ዊንዶውስ ደግሞ ለሀርድ ዲስክ ይከብደዋል።

መፍትሔው ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል በሌለው በቺፕ በሚሠራ ዲስክ፣ መቀየር ነው። አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ሥራውም ትዕግሥትና አንድ ትንሽ ካቻቪቴ ላለው ሰው የሚያስፈራ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። በየመሀሉ ሀርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ውስጣቸው ምን እንደሚካሄድ አብራራለሁ። ይህን ያወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይሸወድም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ራምና ማከማቻ አንድ አይደሉም። «ላፕቶፔ 8 ጊጋ ነው» ሲባል ወሬው ስለ ራም ነው። ራም ኮምፒውተሩ አሁን እየሠራበት ያለውን ብቻ ይይዛል፤ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። «500 ጊጋ» ሲባል ግን ስለ ዲስኩ ነው። እሱ መብራት ጠፋም አልጠፋም የያዘውን አይለቅም። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

1. ውስጡ ምን እንዳለ እዩ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ በግራ በኩል «ዲስክ 0» የሚል ታገኛላችሁ። ሥሩ ኤችዲዲ ካለ ሀርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ ካለ ደግሞ ላፕቶፑ የዘገየው በሌላ ምክንያት ስለሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ።

መስኮቱን ሳትዘጉ የተለመደ ሥራችሁን ሥሩ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ 10 እና 15 ፐርሰንት ላይ ከተቀመጠ ማነቆው ተገኘ ማለት ነው። ራሙንም በዚያው እዩት። 4 ጊጋ ብቻ ከሆነና ሁልጊዜ የሞላ ከሆነ፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ስለሚገፋ ዲስኩ ይበልጥ ይጨናነቃል። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው። ራምም ጨምሩለት።

ሀርድ ዲስክ ለምን ይዘገያል? ውስጡ ስስ የማግኔት ሽፋን ያላቸው ክብ ሳህኖች አሉ። ላፕቶፕ ላይ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ፤ ዴስክቶፕ ላይ 7200 የተለመደ ነው። ከሳህኑ በላይ በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት የማንበቢያ ጭንቅላት ይንሳፈፋል። ሳህኑን አይነካውም። ተንሳፍፎ እንዲቆይ የሚያደርገው ሳህኑ ሲዞር የሚፈጥረው አየር ነው። ጭንቅላቱ ሲጽፍ ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ቦታ የማግኔት አቅጣጫ ይቀይራል። ሲያነብ ያንኑ አቅጣጫ ይለያል። የሠርግ ፎቶውም፣ ሲቪውም፣ መዝሙሩም እዚያ ላይ የማግኔት አቅጣጫ ነው።

አሁን ሒሳቡን ሥሩት። በደቂቃ 5400 ማለት በሰከንድ 90 ዙር ነው። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጥበቃ አለ። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪንቀሳቀስ ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ጨምሩ። ድምሩ 15 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን እንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ 60 ወይም 70 የተበታተኑ ንባቦችን ብቻ ነው የሚያደርሰው ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ኤስኤስዲ ያንኑ ንባብ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። የምናየው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሀርድ ዲስኩን ግን አንማው። አንድ ረጅም ፊልም ሲቀዳ ፋይሉ ተከታትሎ ስለሚቀመጥ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ያደርሳል። የሚያንገዳግደው ወዲያ ወዲህ ማለቱ ነው። ዕድሜውም ትንሽ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ 50 ሳህኖች ነበሩት፣ አንድ ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፣ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንድ ፎቶ ብቻዋን ትሞላዋለች። መሠረታዊ አሠራሩ ግን እስካሁን ያው ነው።

2. የኤስኤስዲን ባሕርይ እወቁ

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያሉት ቺፖች ናቸው። በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ደቃቅ ሕዋሶች አሉ። ሕዋሷ በማገጃ ሽፋን ስለተከበበች ውስጧ የገባው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ኃይል ቢቋረጥም አይወጣም። ምን ያህል ቻርጅ እንዳለ በመለካት ነው ዳታው የሚነበበው። ይህን ፍላሽ ሚሞሪ የፈለሰፉት በጃፓኑ ቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ዛሬ በስልክ፣ በፍላሽና በኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ናንድ የሚባለው ዓይነት በይፋ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ቲኤልሲ እና ኪውኤልሲ የሚሉ ቃላት ታያላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሕዋስ 3 ቢት እንድትይዝ ከተፈለገ 8 የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት አለባት። ይህ ቲኤልሲ ነው። 4 ቢት ከሆነ 16 ደረጃዎች ይሆናሉ፤ ይህ ኪውኤልሲ ነው። ደረጃው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን አጻጻፉ ይዘገያል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ለላፕቶፕ ዋና ዲስክ ምርጫ ካላችሁ ቲኤልሲ ውሰዱ። ኪውኤልሲ ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ አይከፋም።

ሕዋሷ በተጻፈችና በተደመሰሰች ቁጥር የማገጃው ሽፋን ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። ስለዚህ ኤስኤስዲ ያልቃል። ይህን የሰማ ሰው ይደነግጣል። ሳጥኑ ላይ ወይም በአምራቹ ገጽ ላይ ቲቢደብሊው የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ በዋስትናው መሠረት በጠቅላላ ስንት ቴራባይት ሊጻፍበት እንደሚችል ይነግራችኋል። 150 የሚል ቢሆንና በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉ፣ በዓመት 7.3 ቴራባይት ነው። 20 ዓመት ይሄዳል። ላፕቶፑ ራሱ ቀድሞ ይሞታል።

ሌላው ባሕርይው መደምሰስ ላይ ነው። ኤስኤስዲ በትንንሽ ገጾች ይጽፋል፣ ሲደመስስ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ገጾችን የያዘ ትልቅ ብሎክ በአንዴ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ ሁልጊዜ ዳታ ከቦታ ቦታ እያዛወረ ባዶ ብሎክ ያዘጋጃል። አንዱ ቦታ ብቻውን እንዳያልቅም ጽሕፈቱን ያዳርሳል። ለዚህ ሥራ መንቀሳቀሻ ቦታ ይፈልጋል። እስከ አፉ ከሞላችሁት ይንቀራፈፋል። ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ክፍት ተዉለት።

3. ለላፕቶፓችሁ የሚሆነውን ምረጡ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የላፕቶፕ ኤስኤስዲ በሁለት መልክ ይመጣል።

አንደኛው 2.5 ኢንች የሚባለው ነው። መልኩ የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ ነው፣ ሶኬቱም ያው ሳታ የሚባለው ነው። ሀርድ ዲስክ ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ማለት ይቻላል ይህን ይቀበላል። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 7 ሚሊሜትር ነው። አሮጌው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ከነበረ ክፍተቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ፍሬም ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ከሳጥኑ ጋር ይመጣል።

ሁለተኛው ኤም ዶት 2 የሚባለው ስስ ካርድ ነው። የሚያሳስተው በአንድ መልክ ሁለት ዓይነት መኖሩ ነው። አንዱ በሳታ መንገድ ይሠራል፣ ፍጥነቱም ከ2.5 ኢንቹ አይበልጥም። ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን መንገድ ስለሚሄድ በሰከንድ 3000 ሜጋባይትን ሊያልፍ ይችላል። ላፕቶፓችሁ አንዱን ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። ካርዱ ጫፍ ላይ ሁለት ጥርስ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ኤንቪኤምኢ ነው። በዚህ ብቻ አትተማመኑ። የላፕቶፑን ሞዴል ጽፋችሁ የአምራቹን የአገልግሎት ማኑዋል ፈልጉና ምን እንደሚቀበል አረጋግጡ። ርዝመቱንም እዩ፤ 2280 የሚለው ቁጥር 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው።

ለቢሮ ሥራ፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት የሚሆን ላፕቶፕ ላይ በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አይሰማም። ትልቁ ዝላይ ከሀርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ መሻገሩ ነው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከፍጥነት ይልቅ መጠን ጨምሩ። 120 ጊጋ ዛሬ ቶሎ ይሞላል፤ ቢያንስ 240 ወይም 256 ይሁን።

ኤስኤስዲው «ከ256 ጊጋ 238 ብቻ አሳየኝ» ብሎ ከሻጭ ጋር የሚጣላ ሰው አለ። አልተሸወደም። አምራቾች አንድ ጊጋ የሚሉት 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ይቆጥራል። ስለዚህ 500 ጊጋ 465 ሆኖ ይታያል፣ 1 ቴራ ደግሞ 931 ጊጋ። ዕቃው ሙሉ ነው።

4. ዳታችሁን አውጡ

ማንኛውንም ቪቴ ከመንካታችሁ በፊት የማይተኩትን ፋይሎች ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚሉትን ፎልደሮች እዩ። የብሮውዘር ፓስወርዶችንና የቴሌግራም ፋይሎች ያሉበትን ቦታ አትርሱ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከቅጂው ላይ ጥቂት ፎቶዎችና ሰነዶች ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ ነው ለማለት ይከብዳል።

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የበራ መሆኑንም ፈትሹ። በርቶ ከሆነ አጥፉት፣ ወይም 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለ እሱ ዲስኩ ውስጥ ያለው ሁሉ የማይነበብ ይሆናል። ማንም ባለሙያ አይከፍትላችሁም።

5. ክሎን ወይስ አዲስ ጭነት

ሁለት መንገድ አለ። ክሎን ማለት አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። ፕሮግራሞቹም፣ ሴቲንጉም፣ ዴስክቶፑ ላይ የተዝረከረከውም አብሮ ይሄዳል። ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋችኋል። ኤስኤስዲውን በገመዱ ሰክታችሁ አምራቹ በነፃ በሚሰጠው የክሎን ፕሮግራም ወይም በክሎንዚላ ትገለብጡታላችሁ።

ክሎንዚላ ላይ የሚያጋጥም ነገር አለ። አዲሱ ዲስክ በመጠን ከአሮጌው ማነስ የለበትም። አሮጌው 500 ጊጋ፣ አዲሱ 480 ጊጋ ቢሆን በውስጡ ያለው ዳታ 60 ጊጋ ብቻ ቢሆንም እንኳ በተለመደው አሠራሩ እንቢ ይላል። ያኔ መጀመሪያ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ክፍልፋዩን (ፓርቲሽኑን) ማሳነስ አለባችሁ፣ ወይም ይህን በራሱ የሚያስተካክል የአምራች ፕሮግራም መጠቀም።

እኔን ብትጠይቁኝ አዲስ መጫን ይሻላል። የስድስት ዓመት ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አዲስ ቤት መግባት ምን ያደርጋል? ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ባዶ ፍላሽ አዘጋጁና ከማይክሮሶፍት ገጽ በሚወርደው ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የዊንዶውስ መጫኛ ሥሩበት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ለዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል ከሆነ በዚሁ አጋጣሚ ተሻገሩ። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ሆኖ የማይቀበል ከሆነ ግን ኤስኤስዲ ያንን አይቀይረውም። ሊኑክስን መሞከር አንድ አማራጭ ነው።

6. ክፈቱና ግጠሙ

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ የጠፋ አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። ሰውነታችሁ ላይ ያለውን የስታቲክ ኤሌክትሪክ ለማውረድ አንድ ትልቅ ብረት ንኩ።

አንዳንድ ሞዴል ለዲስኩ ብቻ የተለየች ትንሽ ክዳን አለችው፤ ያ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። አለበለዚያ የጀርባው ክዳን በሙሉ ይነሳል። ቪቴዎቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የትኛው ከየት እንደወጣ ማወቅ አለባችሁ። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሳሉና እያንዳንዱን ቪቴ በቦታው በፕላስተር ለጥፉት። ረጅሙን ቪቴ በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው ኪቦርዱን ከሥር ሊወጋው ይችላል። በጎማ እግሮቹ ሥር የተደበቁ ቪቴዎችም አሉ። ክዳኑ እንቢ ካለ አትጎትቱት፤ ያልወጣ ቪቴ አለ ማለት ነው። ዙሪያውን ያሉትን መቆለፊያዎች ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ቀስ እያላችሁ አላቅቁ። በብረት ካቻቪቴ ከሞከራችሁ ጠርዙ ይላጣል።

ባትሪው ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ሶኬት ከቦርዱ ንቀሉ። ከዚያ ወደ ዲስኩ ሂዱ። 2.5 ኢንች ዲስክ በብረት ፍሬም ታስሮ ይቀመጣል። የፍሬሙን ቪቴዎች ፍቱ፣ ዲስኩን ከሶኬቱ ወደ ጎን አንሸራትታችሁ አውጡ። ወደ ላይ አትንቀሉት። አንዳንዱ ላይ ሶኬቱ በስስ ሪባን ገመድ ነው የሚገናኘው፤ ገመዱ በቀላሉ ይቀደዳል፣ ገዝቶ መተካትም አስቸጋሪ ነው። ፍሬሙን ወደ ኤስኤስዲው አዛውሩ፣ ሶኬቱን አቅኑና እስኪገባ ግፉ።

ኤም ዶት 2 ከሆነ ጥርሱን ከሶኬቱ ጋር አስተካክላችሁ ካርዱን ጋደል አድርጋችሁ አስገቡ። ስትለቁት ጫፉ ቀና ብሎ ይቆያል። ያ ጤነኛ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ በትንሿ ቪቴ እሰሩት። አታጥብቁት።

ክዳኑን ሙሉ ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪውን መልሳችሁ አንድ ጊዜ አብሩና ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ መቆጣጠሪያ ገጽ) ዲስኩ መታየቱን እዩ። እንደ ሞዴሉ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10፣ ኢስኬፕ ወይም ዲሊት ነው የሚያስገባው። ካልታየ ኃይሉን አጥፍታችሁ አውጥታችሁ እንደገና ስኩት። አብዛኛው «አልሠራም» የሚባለው ኤስኤስዲ በደንብ ያልተሰካ ነው።

7. ሲነሳ የምታዩት

ክሎን አድርጋችሁ ከሆነ በቀጥታ ይነሳል። የሚነሳ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ከመጣ ባዮስ ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን እዩ። አሮጌው ዊንዶውስ በሌጋሲ (በቆየው የማስነሻ ዘዴ) የተጫነ ሆኖ ባዮሱ ዩኢኤፍአይ (በአዲሱ ዘዴ) ላይ ከሆነ ወይም በተቃራኒው ከሆነም አይነሳም። አዲስ እየጫናችሁ ከሆነ መጫኛው ፍላሽ ላይ አስነሱና ዲስክ ምረጡ ሲላችሁ ባዶውን ምረጡ።

ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ሰርች ላይ ዲፍራግመንት ብላችሁ ጻፉና ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ክፈቱ። ዲስኩ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ ተብሎ መጻፍ አለበት። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውስ ትሪም የሚባለውን ሥራ በየጊዜው ይሠራል፤ ማለትም የትኛው ቦታ እንደተለቀቀ ለኤስኤስዲው ይነግረዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ የዲፍራግ ፕሮግራም አትጫኑ። ዲፍራግ የተበታተነን ፋይል መሰብሰብ ነው። ለሚሽከረከር ሳህን ይጠቅማል፣ ለኤስኤስዲ ከንቱ ጽሕፈት ነው።

ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ኤስኤስዲ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊጋባይት እንደተጻፈበት ያሳያችኋል። ገና የገጠማችሁት ዕቃ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ ያገለገለ ነው። ሻጩ ጋ የምትመለሱት በዚያው ቀን ነው እንጂ ከወር በኋላ አይደለም።

ባትሪው የሞተና ቻርጀር ካልተሰካ የማይነሳ ላፕቶፕ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ይቆረጣል። በሀርድ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ያ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ ላይ ግን ተቆጣጣሪው ዳታው የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ አለው፤ እሱ በጽሕፈት መሀል ከተቋረጠ ርካሽ ኤስኤስዲ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ካላችሁ ከኤስኤስዲው ጋር ባትሪውንም ቀይሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ።

8. የወጣው ሀርድ ዲስክ

አትጣሉት። መጀመሪያ ግን ጤናውን በዚያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ፦ 05፣ ሲ 5 እና ሲ 6። የመጀመሪያው የተበላሹና በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ለማንበብ ያስቸገሩትንና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሦስተኛው ፈጽሞ ያልተነበቡትን። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ይመረጣል። ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሄደ ነው። ቁጥሮቹ በመደበኛው በ16 መሠረት ስለሚጻፉ «1ኤፍ» የሚል ብታዩ አትደናገጡ፤ 31 ማለት ነው።

ጤነኛ ከሆነ የ2.5 ኢንች ኬዝ ግዙለትና ኤክስተርናል አድርጉት። ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚያገኝ ሌላ ገመድ አይፈልግም። ዩኤስቢ 3 የሆነውን ኬዝ ምረጡ፤ ዩኤስቢ 2 ዲስኩን ያንቀዋል። እየሠራ እያለ ግን አታንቀሳቅሱት። ያ በናኖሜትር የሚቆጠር ክፍተት አንድ ጉንተላ ይበቃዋል፤ ጭንቅላቱ ሳህኑን ከነካ የማግኔት ሽፋኑን ይፍቀዋል። ከመንቀላችሁ በፊት ኢጀክት በሉና ሳህኑ እስኪቆም ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። ደጋግሞ ማስነሳት የተረፈውን ይፈጀዋል። ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት የሚለውንም ምክር አትስሙ፤ የሚገባው እርጥበት ለሳህኑ ሌላ ጠላት ነው።

9. ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ከኤስኤስዲ ጋር አንድ ዘር ናቸው። ልዩነቱ ተቆጣጣሪያቸው ደካማ መሆኑና ብዙ ጊዜ የሚገባላቸው ቺፕ ርካሹ መሆኑ ነው። ፊልም ለማስጫን፣ ሰነድ ወደ ማተሚያ ቤት ለመውሰድ ይበቃሉ። የቤተሰብ ፎቶ ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አታድርጓቸው።

ገበያው ላይ ሐሰተኛው ብዙ ነው። 2 ቴራ የሚል ፍላሽ በማይታመን ዋጋ ካያችሁ አትመኑት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ላይ 20 ሊትር ብሎ እንደመጻፍ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ምናልባት 8 ወይም 16 ጊጋ ነው፣ ተቆጣጣሪው ግን ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጓል። ስትገለብጡ ምንም ስህተት አይመጣም። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል። ስትከፍቷቸው ግን ከተወሰነ ቦታ በኋላ ያሉት ሁሉ ባዶ ናቸው።

ስለዚህ አዲስ ፍላሽ ወይም ካርድ ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትሹት። ዊንዶውስ ላይ ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ደግሞ ኤፍ 3። ሁለቱም ዕቃውን እስኪሞላ በመፈተሻ ዳታ ይጽፉበትና መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይፈጃል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ለመጻፍ ብቻ ወደ 2 ሰዓት ይወስዳል። ማታ ጀምራችሁ ተኙ። ጠዋት ስህተት ካለ ምን ያህሉ እውነተኛ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ካርድ ላይ ያሉት ምልክቶችም ትርጉም አላቸው። በክብ ውስጥ 10 ካለ ወይም ዩ 1 ካለ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል። ዩ 3 ወይም ቪ 30 ካለ 30 ሜጋባይት ነው፤ በ4ኬ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ይህ ይሻላል። ስልክ ላይ አፕ ለሚያስቀምጥ ኤ 1 ወይም ኤ 2 የሚል ይፈልግ።

የፎርማት ዓይነትም ያስቸግራል። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ እያለ ፊልሙ አልገባም ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ኤክስ ፋት አድርጉት፤ ዊንዶውስም ማክም ያነበዋል። አሮጌ ሪሲቨርና የመኪና ቴፕ ግን ብዙ ጊዜ ፋት 32ን ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ለእነሱ ትንሽ ፍላሽ ለይታችሁ አስቀምጡ።

10. ምን የት ይቀመጥ

ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ኤስኤስዲ ላይ። ፊልም፣ የቆዩ ፎቶዎችና ትልልቅ ፋይሎች በኬዝ ያለው ሀርድ ዲስክ ላይ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ኤስኤስዲ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ በተለይ በሙቀት ቻርጁ ቀስ በቀስ ያፈተልካል። ባንኮችና ትልልቅ የዳታ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ እስካሁን የማግኔት ቴፕ ይጠቀማሉ። ኤልቲኦ 9 የሚባለው የቴፕ ዓይነት በአንድ ካርትሪጅ 18 ቴራባይት ይይዛል። ለቤት ግን ማጫወቻው ውድ ነው።

እቤት የሠርግ ወይም የምርቃት ዲቪዲ ያላችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ። ቤት ውስጥ ወይም ስቱዲዮ የሚቀዳ ዲቪዲ ዳታውን የሚይዘው በሌዘር በተቃጠለ ቀለም ላይ ነው። ቀለሙን ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። አንድ ዲቪዲ ቢበዛ 4.7 ጊጋ ነው፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5። አሥሩም ቢሆኑ አንድ ሀርድ ዲስክ ጥግ ላይ ይገባሉ።

የማይተካ ነገር ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ያለው ክላውድ ሊሆን ይችላል፣ ውጭ አገር ወይም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ የተቀመጠ ኤክስተርናልም ይሆናል።

ፋይል በስህተት ካጠፋችሁ ወዲያው ሥራ አቁሙ። ሀርድ ዲስክና ካርድ ላይ ሲጠፋ የሚሰረዘው ማውጫው ነው፣ ዳታው ሌላ እስኪጻፍበት አለ። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሊያወጣው ይችላል፤ የሚያወጣውን ግን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም ከሠራ በኋላ ተስፋው ጠባብ ነው።

ይኸው ነገር ዲስኩን ለምትሸጡ ሰዎች በተቃራኒው ይሠራል። ፈጣኑ ፎርማት የሀርድ ዲስክን ዳታ አያጠፋም፤ ኩዊክ ፎርማት የሚለውን ምልክት አንሱና ሙሉውን አድርጉ፣ ዊንዶውስ በሁሉም ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ባለ 1 ቴራ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለኤስኤስዲ ደግሞ የአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮሱ ውስጥ ያለውን ሴኪዩር ኢሬዝ ተጠቀሙ። በደቂቃዎች ያልቃል።